ስልሳ ቀለም ለሁለት ዓይን

መግዛት የማይፈልግ ደንበኛ አያደክምም፤ አይቶ ይሄዳል። ነጋዴን የሚያስረጀው «ያዋጣል ወይ?» እያለ የሚመዝነው ነው። ታውቁት የለ? ስልሳ ቀለም ያለውን ትልቁን የዓይን መኳኳያ ሳጥን፣ አይሻዶውን፣ ጭሮ ከተማ ያለው ሱቄ ውስጥ ካስቀመጥኩ ወዲህ፣ ሲስተር ፅጌ የምትባል ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች ነርስ በየገበያው ቀን እየመጣች ትመዝነዋለች።

አንዱን ቀለም በጣቷ ትነካና እጇ ላይ ትቀባዋለች። ከጎኑ ቡኒውን ትደግምና በር ላይ ወጥታ በፀሐይ ታመሳክራለች።

«ጋሼ፣ ይሄ አረንጓዴ ምን ያደርግልኛል?»

«ለሠርግ ይሆንሻል።»

«ለማን ሠርግ?»

ምን ልበላት? ፈጣሪ የሰጠን ዓይን ሁለት ነው። ነገሩ እንደ ትልቅ እስር ጫት ነው፤ የሚቃመው ጥቂት፣ የቀረው የሚጣል ገረባ። ሻጭ ግን ይህን አይናገርም።

ባለፈው ገበያ «ወስኛለሁ» ብላ ገባች። ተመስገን ብዬ ፌስታል መዘዝኩ። ለመጨረሻ ጊዜ ከፈተችውና ፊቷ ጠቆረ።

«ቡኒው እኮ አልቋል! እኔ የምቀባው እሱን ብቻ ነው።»

«አቦ ሲስተር፣ ማን ጨረሰው?»

ክዳኑን ቀስ አድርጋ ገጠመችው።

«ታዲያ ጋሼ፣ ያለ ቡኒው ያዋጣል ይላሉ?»

ደክሞኝ ስለነበር እውነቱን ነገርኳት።

«አያዋጣም።»