ቋጠሮ የፈረደው የሸክላ አፈር

የአገራችን ሰው እህል ቢያጣ ሁለት ሦስት ቀን ይችላል፤ ሙግት ቢያጣ ግን የሚያድር አይመስለኝም። ሌላውን ማማት ምን ያደርጋል፣ ራሴን ልናገር። ገበያ ስወርድ አህያዬ ከጫነችው ገብስ ይልቅ የሚያስቸኩለኝ መንገድ ላይ የማገኘው ክርክር ነው። ሚስቴ ይህን ጠባዬን ታውቃለች። ማለዳ ከአንኮበር ስነሳ፣ ማንም ቢጣላ እንዳትቆም ብላ ታስጠነቅቀኛለች። እኔም እሺ እላለሁ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

ይህ የምነግራችሁ የሆነው ንጉሡ ገና አንኮበር ሳሉ ነው። በዚያ ጊዜ ዳኛ ለማግኘት ደጅ መጥናት አያሻም ነበር። ሁለት የተጣሉ ሰዎች መንገደኛውን በሕግ አምላክ ብለው ካቆሙት፣ እሱ ዳኛ ሆነ ማለት ነው። ዕቃውን አራግፎ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ ነገር ሰምቶ፣ ፈርዶ ይሄዳል። አዋቂ ነው ወይ የሚል የለም። መንገደኛ መሆኑ ይበቃል።

ታዲያ በግንቦት ወር፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ ወደ አልዩ አምባ ገበያ ቁልቁለቱን ስወርድ ከትልቁ ዋርካ አጠገብ አንዲት ሴት በሕግ አምላክ አለችኝ። በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል ይባል የለ? ቆምኩ። አህያዬ ግን ሕግ አታውቅምና ጥቂት ሄዳ ነው የቆመችው።

ዞር ብዬ ሳይ ሴትዮዋ ብቻዋን አይደለችም። የነጠላዋ ጫፍ ካንድ ትልቅ ሰውዬ ኩታ ጫፍ ጋር ተቋጥሯል። ሴትዮዋ ድንቄ ትባላለች፤ ሸክላ ሠሪ ናት፣ ባሏ የሞተባት። ሰውዬው አያ ጉልላት ነው፤ ባለ ርስት፣ ባለ ብዙ ከብት፣ ባለ ትልቅ ድምፅ። የሙግት ወጉ እንደዚህ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ልብሳቸውን ጫፍ ለጫፍ ይቋጥራሉ። ፍርድ እስኪሰጥ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይቀመጣሉ፣ ከመሸባቸውም አብረው ያድራሉ። ቋጠሮውን ቀድሞ የፈታ ተረታ። ድንቄ ሰውዬውን ገበያ ሲወርድ ጠብቃ በሕግ አምላክ አለችው፣ ሲቆም ቋጠረችው። በሰው ፊት በጥሶ ቢሄድ ክብሩ ነው የሚበጠስ።

ነገሩ ቀላል ነበር። ከመንደራቸው በታች የሸክላ አፈር የሚወጣበት ጉድጓድ አለ። የድንቄ እናት ከዚያ ቆፍራለች፣ ድንቄም ትቆፍራለች። አያ ጉልላት ላሙ ነጠፈችበት። የነጠፈችው የድንቄ ዓይን አርፎባት ነው ብሎ ጉድጓዱን በእሾህ አጠረው። ድንቄ ደግሞ ክረምት ሳይገባ አፈሩን ካላወጣች፣ ሠርታ ካላደረቀች፣ ካልተኮሰች፣ እስከ መስከረም የምትበላው የላትም። ይኸው ነው። ሁለት ምስክር ጠይቄ፣ አንድ ፍርድ ሰጥቼ፣ ከረፋዱ በፊት ገበያ መድረስ እችል ነበር።

ግን ሰው ተሰበሰበ። ሰው ሲሰበሰብ ደግሞ ዳኛው መናገር ያምረዋል።

መጀመሪያ አንድ ደብተራ ከኋላ ተነሥቶ ሴት በዳኛ ፊት ቆማ መሟገት ይገባታል ወይ ብሎ ጠየቀ። ወንድም ካላት ወንድሟ ይቁም፣ ከሌላት ወኪል ትፈልግ አለ። መጽሐፍ እንዲህ ይላል ብሎም ጨመረ፤ የትኛው መጽሐፍ እንደሆነ አልነገረንም። ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ ያለም ነበር። ሌላው ደግሞ ተነሥቶ፣ እናቱ ሦስት ጊዜ ተሟግታ ሦስት ጊዜ መርታቷን፣ ከአባቱ ጋር የተሟገተችውን ቢጨምር ደግሞ የትየለሌ መሆኑን ተናገረ። ተሳቀ። እኔም ዳኛ ነኝና ረጅም ንግግር አደረግሁ። ምን እንዳልኩ ዛሬ አላስታውስም፤ ማማሩን ግን አስታውሳለሁ። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ስትደርስ ሴት መሟገት እንደምትችል ተስማማን። ድንቄ ቆማ ነበር የምትሰማን። ከማለዳ ጀምሮ ስትሟገት እንደነበር ለማናችንም አልታየን።

ከዚያ የአጥንት ነገር መጣ። አያ ጉልላት ኩታውን አስተካክሎ፣ የተቋጠረውን ጫፍ በጥንቃቄ ይዞ፣ ዱላውን ምድር ላይ እየመታ በላ ልበልሃ ጀመረ። እሱ ጨዋ የጨዋ ልጅ ነው። አያቱ እንዲህ ነበሩ፣ ቅድመ አያቱ እንዲያ ነበሩ። እሷ ግን ጠይብ ናት፣ ባለ እጅ ናት፣ ቡዳ ናት፤ የቡዳ ቃል ከጨዋ ቃል ጋር በአንድ ሚዛን አይመዘንም። ሰዉ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ቡዳ በዘር ነው አለ፣ ሌላው በትምህርት ነው አለ፣ ሌላው ደግሞ በዓይን ነው ብሎ የአጎቱን በሬ ታሪክ አመጣ። በሬው ከሞተ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ዋርካው ሥር ግን እንደገና ሞተ።

ክርክሩ ሲያደርቀን ውሃ ጠጣን። ውሃው የመጣው በእንስራ ነው። እንስራውን ማን ሠራው? ድንቄ ናታ! ያ ሁሉ ሰው ከሷ እንስራ እየተቀዳለት፣ ሲጠጣ በሷ ዓይን እንዳይታይ ፊቱን ያዞር ነበር። እኔም አዞርኩ። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ፤ ያን ቀን ግን ጠምቶኝ ነበርና ሀፍረት የሚባል ነገር ትዝ አላለኝም።

በዚህ መሀል የቋጠሮው ነገር አያ ጉልላትን እያስጨነቀው መጣ። አገልግሉን ይዞ ነው የመጣው፤ ውስጡ ምን የመሰለ ፍትፍት አለ። ግን ቡዳ ፊት እንዴት ይበላል? ዞር ብሎ እንዳይበላ ቋጠሮው አያራምደው። ድንቄ ከወገቧ ጥሬ አውጥታ ቀስ እያለች ትቆረጥማለች። እሱ አገልግሉን ይከፍታል፣ ያያታል፣ መልሶ ይከድናል። ይህን ስንት ጊዜ እንዳደረገው እንጃ። እኔ በሙግቱ ተጠምጄ ስለነበር ልብ ያልኩት ዘግይቼ ነው።

እንግዲህ ምስክሩ ቀረ። ምስክሩ ኦቦ ሮባ ይባላሉ፤ ከቆላ ወጥተው እዚያው ጉድጓድ አጠገብ ካለው ምንጭ ከብት ሲያጠጡ ያረጁ ሽማግሌ። እሳቸው በጠዋት፣ ገና ሰው ሳይሰበሰብ፣ ዋርካው ሥር እንደተቀመጥኩ መጥተው የሚያውቁትን በኦሮምኛ ተናግረው ዱላቸውን ተደግፈው ቁጭ ብለዋል። አሁን ደብተራው ተነሣና የኦሮምኛ ምስክርነት በአማርኛ ሙግት ላይ ይጸናል ወይ አለ። ካልጸና አስተርጓሚ ይምጣ። አስተርጓሚ ከመጣ በማን ስም ይማላል? አስተርጓሚው የተረጎመውን ማን አይቶ ይመሰክርለታል? አንዱ እውነት በየትኛውም ቋንቋ እውነት ነው አለ። ሌላው ደግሞ ሐሰትም እንደዚያው ነው አለው።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ አትታዘቡኝ። እዚያ ከተቀመጥነው ውስጥ ገበያ ወርዶ በኦሮምኛ የማይሸጥና የማይገዛ አልነበረም። እኔ ራሴ ገብሴን የምሸጠው በኦሮምኛ ነው። በኦሮምኛ እምላለሁ፣ በኦሮምኛ እቆጣለሁ፣ አንዳንዴ ከቅርብ ወዳጆቼ ጋር የምጫወተውም በሱ ነው። ዛፍ ሥር ዳኛ ሆኜ ስቀመጥ ግን ጠፋኝ። ሁላችንንም ባንድ ጊዜ ጠፋን። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እዚያ ዋርካ ሥር ግን በጠዋት ጠርቶ የነበረውን ስናደፈርሰው ዋልን።

ጀንበር ወደ ተራራው ዘቀዘቀች። አስተርጓሚ ይምጣ አይምጣ እያልን ገና አልተስማማንም። እኔም በዳኛ ወግ፣ ነገሩ ለነገ ይደር ብዬ ተነሣሁ።

አያ ጉልላት ይህን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። ይደር ማለት አብረው ይደሩ ማለት ነው። ካንዲት ቡዳ ጋር ተቋጥሮ ሊያድር! ቡዳ ማታ ማታ ጅብ እንደምትሆን በበላ ልበልሃው የነገረን ራሱ ነው። ሆዱ ባዶ፣ አገልግሉ ሙሉ። ድንቄን አያት። እሷም አየችውና የቀረውን ጥሬ በነጠላዋ ቋጥራ፣ እግሯን ዘርግታ ተመቻቸች።  አያ ጉልላት ቋጠሮውን ፈታ፣ አገልግሉን ብድግ አደረገ፣ ዳገቱን ሳይዞር ወጣ።

ቋጠሮውን የፈታ ተረታ። ሕዝቡ ሁሉ አየ። ቡዳ ነሽ እየተባለች ቀኑን ሙሉ ስትከሰስ የዋለች ሴት፣ የረታችው ቡዳ ናት ስለተባለች ነው። እኔም ከፍርድ ዕዳ ተገላገልኩ ብዬ አህያዬን ልጭን ስነሣ ድንቄ መጥታ ፊቴ ቆመች። ፍርዱን በአፌ እንድናገርላት ጠየቀችኝ። ቋጠሮው ፈርዷል፣ ምን ቀረሽ አልኳት።

«ቋጠሮ አፍ የለውም ጌታዬ» አለች። «ነገ ሌላው ቢያጥረው ማን ፈረደልሽ ይለኛል። እርስዎ አፍ አለዎት። ሲናገሩ ውለዋል።»

ሰዉን አየሁ። ደብተራው ያየኛል፤ ባለ ርስቶቹ ያዩኛል። ነገ በዚህ መንገድ አልፋለሁ፣ እነሱ ቤት በእንግድነት አድራለሁ። ለአንዲት ጠይብ ብዬ ከነሱ ጋር አፍ ልካፈት? ቀኑን ሙሉ ያልደከመ አፌ ያኔ ደከመ። መሽቷል ብያት ሄድኩ። ገበያው ተበትኖ ነበር፤ ገብሴን መልሼ ዳገቱን ወጣሁ። ሚስቴ ጭነቱን አይታ ራሷን ነቀነቀች፤ ጠባዬን ታውቃለቻ።

ክረምቱ አለፈ። ለጥር ልጄን ልድር ነውና ለጠላው ትልቅ ጋን አስፈለገኝ። በታኅሣሥ ሚስቴ ያለ ድንቄ ጋን አልጠምቅም አለች፤ የሌላው ያንጠባጥባል። እኔ ሌላ ቦታ ልሂድ ብል ሰበቡን መናገር ሊኖርብኝ ነው። ወረድኩ።

የሸክላ አፈሩ ጉድጓድ ዙሪያውን በአዲስ እሾህ ታጥሯል። አያ ጉልላት አይደለም ያጠረው፤ የሚስቱ ወንድም ነው። ቋጠሮ የፈታው ጉልላት እንጂ እኔ አይደለሁም አለ አሉ፤ ለሷ የተፈረደ ፍርድም የሰማ የለም አለ። እውነቱን ነው፤ አልሰማም። ድንቄ ደጇ ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ አንድ ትልቅ ጋን አለ። የመጨረሻው አፈሬ ነው አለችኝ፤ ከዚህ ወዲያ የለም። ኦቦ ሮባም ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል።

ጋኑን እንድትሸጥልኝ ጠየቅኋት። ድንቄ ነጠላዋን አጣፋች፤ ጥድፊያ የለባትም።

«እሸጥልዎታለሁ» አለች። «ግን መጀመሪያ ሦስት ነገር ይጣራ። ሴት ጋን መሸጥ ይገባታል ወይ? የጠይብ ጋን ለጨዋ ሠርግ ይሆናል ወይ? ደግሞስ የምንስማማው በምን ቋንቋ ነው? ይቀመጡ።»

የቀለደች መሰለኝ፤ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ተቀመጥኩ። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ሙግት አለ ሲባል የማይመጣ የለም። ያጠረውም ሰውዬ መጣ፣ ደብተራውም መጣ። ረፋዱ አለፈ፣ ቀትር ሆነ። ሆዴ ጮኸ። ድንቄ ጥሬዋን አውጥታ ቆረጠመች፤ ለሁሉም አደለች፣ እኔን ዘለለችኝ። ቡዳ ፊት እንደማልበላ ታውቃለችና ላለማስጨነቅ ነው አለች። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ያን ጊዜ አያ ጉልላት ምን ተሰምቶት እንደነበር ገባኝ፤ ከዚያም ድንቄን ምን ተሰምቷት እንደነበር ገባኝ። የሷ ይበልጥ ያማል።

ጥላው ሲረዝም ተነሣሁ። ለሠርጉ ብዬ ነው ወይስ ለእውነት? እንዳልዋሻችሁ፣ መጀመሪያ ያነሣኝ ረሃቡ ነው። በሕግ አምላክ ዳኛ ተብዬ የተቀመጥኩበት ነገር ስላለ ፍርዴን ስሙኝ አልኩ። ያጠረውን ሰውዬ ዓይኑን እያየሁ ተናገርኩ።

«አፈሩ የድንቄ ነው። እናቷ ቆፍራበታለች፣ እሷም ትቆፍርበት። ያጠረ ያንሣ።»

 ሰውዬው አንገቱን ደፋ፤ በማግስቱ እሾሁን አነሣ። ድንቄ ግን ያን ጊዜ እሱን አላየችውም። እኔን ነው ያየችኝ፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ከዚያ ይህቺን ለመናገር ይህን ያህል ወር አስፈለገ ወይ ብላ ጋኑን በእግሯ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

ኦቦ ሮባ ጆሯቸው ደክሟልና ዳኛው ምን አለ ብለው በኦሮምኛ ጠየቁ። ድንቄ ጎንበስ ብላ በኦሮምኛ ነገረቻቸው። ሽማግሌው ጥርስ በሌለው አፋቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ዱላቸውን ወደ እኔ ቀስረው፣ እኔ ያን ቀን በጠዋት ያልኩት ይኸንኑ አይደለም ወይ አሉ።

አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። ያን ቀንም አላስፈለገኝም ነበር።