«ደህና ነኝ» የማያሳምናቸው ዶክተር

በየሰፈሩ ሰላምታን እንደ ምርመራ የሚቆጥር አንድ ሰው አይጠፋም። «እንዴት ነህ?» ይልሃል። «ደህና» ትለዋለህ። እንደ ማንኛውም ጨዋ ሰው ራሱን ነቅንቆ ማለፍ ሲገባው ቆሞ ዓይን ዓይንህን እያየ «እውነት?» ይላል። ከዚያ ወዲያ ወይ የጉልበትህን፣ ወይ የጨጓራህን፣ ወይ ከሚስትህ ጋር የተጣላህበትን ሳትናገር አይለቅህም። በደርግ ዘመን በየካ ይህን ሹመት ያለ ተቀናቃኝ የያዙት ክቡር ዶክተር ለይኩን ነበሩ።

ዶክተር ለይኩን በሽተኛ አያክሙም። ፓቶሎጂስት ናቸው። ከሴቶች ጡት የወጣ ዕጢ ፎርማሊን ውስጥ ተነክሮ ይመጣላቸዋል፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቶ ይቆረጥና መስታወት ላይ ይቀመጣል፤ እሳቸውም በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ይውላሉ። ክፉውን ከገሩ መለየት ለእሳቸው ቀላል ነው። የዕድሜ ልክ ጭንቀታቸው ሌላ ነበር፤ ከክፉዎቹ መሀል የትኛው ተመልሶ ይመጣል? የትኛውስ ሴትዮዋን ትቷት ይቀራል? መጻሕፍቱ ይህን ይናገራሉ፤ የሚናገሩት ግን ስለ ፈረንጅ ሴቶች ነው። የኛዎቹን ለማወቅ እያንዳንዷን ሴት በየዓመቱ ፈልጎ በሕይወት መኖሯን በዓይን ከማየት ሌላ መንገድ አልነበረም። ስልክ የለም፤ ካርዱ ላይ የሰፈረው አድራሻ «ከእንጦጦ በታች፣ ከባሕር ዛፉ ወዲህ» ነው። ስለዚህ ዶክተሩ እሑድ እሑድ ከዘራቸውን ይዘው ዳገቱን ይወጣሉ።

እዚያ የሚገጥማቸው ጠላት በሽታው ሳይሆን «ደህና ነኝ» ነበር። ቁስሏ የሚመግል ሴት «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ትላለች። የሞተች ሴት ቤት ሲደርሱ ደግሞ «ደህና ናት፣ ይግቡ» ይባላሉ። ገብተው ይቀመጣሉ፣ ምግብ ይቀርብላቸዋል። በልተው እጃቸውን ሲታጠቡ ነው አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠርጎ እውነቱን የሚነግራቸው። ከጊዜ በኋላ ሰው ተሽቀዳድሞ ምግብ ሲያቀርብላቸው ልባቸው ስንጥቅ ይል ጀመር።

አንድ ጊዜ የቀበሌው ሊቀመንበር ጠርቶ፣ ከቤት ቤት እየዞሩ «በሕይወት አለች ወይ?» የሚሉት ለማን እንደሆነ ጠየቃቸው። ዶክተሩ ሁሉንም አስረዱና «ጓድ ሊቀመንበር፣ እርስዎስ ደህና ነዎት? ዓይንዎ ቢጫ ነው» አሉት። ሊቀመንበሩ በማግሥቱ ጉበቱን ሊታይ ሄደ። ዳግመኛ አልጠራቸውም።

ከሚጠየቁት ሴቶች አንዷ ሰዓዲያ ናት። ባሏ ጀማለዲን የአሰብ መስመር ከባድ መኪና ስለሚነዳ ቤቱን የሚያየው አልፎ አልፎ ነው። አንድ ልጇ ሀሚድ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ሰሜን ነው። ጡቷ በቀዶ ጥገና በወጣ በሁለተኛው ዓመት ዶክተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊጠይቋት መጡ። ገበያ ሳትወጣ ላግኛት ብለው ጎህ ሲቀድ መጡ። ጥቁር ካፖርት ለብሰዋል፤ ቤቱን የሚያሳዩ የቀበሌ ዘበኛና አንድ ሽማግሌ አስከትለዋል። ልጇ ጦር ሜዳ ያለ እናት በማለዳ ሦስት ወንዶች በሯ ላይ ቆመው ስታይ ምን እንደምታስብ፣ ያላሰቡት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሰዓዲያ በሩን ከፈተች፣ አየቻቸው፣ «ሀሚድዬ!» ብላ መሬት ላይ ወደቀች። ጎረቤቷ የሺሃረግ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረሰች፤ መንደሩ በዋይታ ተሞላ። ዶክተሩ መሀል ቆመው «በሕግ አምላክ! እኔ ለጡቷ ነው የመጣሁት!» ቢሉ ነገሩ የባሰ ሆነ።

መርዶ አለመሆኑን ስታውቅ ሰዓዲያ እኚህን ሰው በድንጋይ ማባረር አማራት። ነገር ግን ከእሷ በላይ እያለቀሱ ነበርና ተወቻቸው። ከዚያ ወዲህ ዶክተር ለይኩን የሚመጡት በጠራራ ፀሐይ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ገና ከመታጠፊያው «በሰላም ነው! በሰላም ነው!» እያሉ ነው። የመንደሩ ልጆችም ከኋላ ተከትለው አብረው ይጮኻሉ።

ሰዓዲያን ሲያዩ የሚደሰቱት መደሰት የተለየ ነበር። ምክንያቱንም አልደበቋትም፤ መደበቅ የሚባል ነገር አይሆንላቸውም።

«ወይዘሮ ሰዓዲያ፣ የእርስዎን ዕጢ ያየሁ ቀን ‹ይቺ ሴትዮ ዓመት አትቆይም› ብዬ ነበር። አሳፈሩኝ! እግዜር ይስጥልኝ!»

ሌላ ሰው ቢለው ጠብ ያስነሳል። ሰዓዲያ ግን ደስ አላት፤ ሐኪም ማሳፈር ቀላል ነገር አይደለም።

ዘንድሮ ከብብቷ ሥር እንደ ሽምብራ የጠጠረ ነገር ጣቷ ሲያገኝ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ፈርታለች፣ አይካድም። ግን ሀሚድ የውትድርና ጊዜውን ጨርሷል፣ ዛሬ ነገ ይመጣል ተብሏል፤ መጥቶ ቤቱ ተዘግቶ ቢያገኘውስ? በዚያ ላይ፣ ለመናገር ቢያሳፍርም፣ የዶክተሩን ደስታ ማበላሸት ከበዳት።

እሑድ ዶክተሩ መጡ። ሻይ ቀረበ።

«እንዴት ነዎት፣ ወይዘሮ ሰዓዲያ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ ዶክተር።»

«እውነት?»

«እውነት።»

ዶክተሩ ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«የቀበርኳቸው ሁሉ ደህና ነኝ ያሉኝ ናቸው» አሉ። «ደስ እንዲለኝ ብለው ነው። አንዷም አላስደሰተችኝም።»

ሰዓዲያ አቀርቅራ የሻሿን ጫፍ ትጠቀልል ጀመር። ስትዳርም ስትወልድም ጡቷ ሲወጣም ከአፏ ወጥቶ የማያውቅ ቃል ነበርና ብዙ ታገላት።

«ደህና አይደለሁም» አለች።

ዶክተሩ አልተቆጡም፣ አላጽናኗትም። ነገ ሐኪም እንዲያያት፣ ሳይውል ሳያድር እንዲወጣላት ነገሯት።

«ሀሚድ ቢመጣስ?»

«ጎረቤት ይነግረዋል።»

«ጎረቤትማ ‹ደህና ናት› ነው የሚለው! ያንን ሲሰማ ሞታለች ብሎ ነው የሚደመድመው። ከጦር ሜዳ ተርፎ የመጣ ልጅ እናቱ ደጃፍ ላይ ይሙት?»

ይህንን ከዶክተር ለይኩን የበለጠ የሚረዳ ሰው አልነበረም።

«የወጣው ሥጋ ፎርማሊን ውስጥ ማደር አለበት። እስኪያድር እኔ ሥራ የለኝም፤ በርዎ ላይ እቀመጣለሁ። ከመጣ እውነቱን እነግረዋለሁ።»

«እውነቱ ምንድን ነው? ምን ያህል ጊዜ አለኝ?»

ዕድሜያቸውን የፈጁት ለዚሁ ጥያቄ ነው። ዓይኗን እያዩ መለሱላት።

«ስለ ብዙ ሴቶች አውቃለሁ። ስለ እርስዎ አላውቅም።»

በቀዶ ጥገናው ማግሥት የሺሃረግ ብርቱካን ይዛ፣ ተቆጥታ ሆስፒታል መጣች።

«ያንን ዶክተርሽን በር ላይ ያስቀመጥሽው አንቺ ነሽ?»

«ሀሚድ መጣ?» አለች ሰዓዲያ።

«አልመጣም። እሱ ነው የመጣው። ደጃፍሽ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ! ሰዓዲያ የት ሄደች ብዬ ስጠይቀው ‹ካንሰሩ ተመልሶባታል፣ ቀዶ ጥገና ላይ ናት፣ መዳኗን አላውቅም› አይለኝ መሰለሽ! ሰው እንዲህ ይናገራል?»

ሰዓዲያ ፋሻው ሥር እያመማት ሳቀች። «ከዚያስ?»

የሺሃረግ ብርቱካኑን መላጥ ጀመረች።

«ከዚያማ ምን አደርጋለሁ? በርጩማ አወጣሁና አጠገቡ ተቀመጥኩ። እስኪመሽ ልጅሽን ስንጠብቅልሽ ዋልን። ዛሬ ያንን ያንቺን መስታወት ሊያይ ሥራው ገብቷል፤ በሩ ላይ ልጄን ሸዋረጋን አስቀምጫታለሁ። እንደሱ ሰው አታስደነግጥም፤ ግን እውነቱን ነው የምትነግረው፣ አስጠንቅቄያታለሁ።» ብርቱካኑን ከፍላ አቀበለቻት። «አንቺስ፣ እንዴት ነሽ?»

ሰዓዲያ አፏ ላይ የደረሰውን ቃል ዋጠችው።

«ያመኛል» አለች።

የሺሃረግ ጫማዋን አወለቀችና አልጋው ላይ ጠጋ ብላ ተቀመጠች።