ወይዘሮ ሆርተንስ የማያውቁት ፊልም

ሲኒማ ቤት በተሠራበት አገር ሁሉ፣ ከወንበሩና ከመጋረጃው ጋር አብሮ የሚተከል አንድ ሰው አለ፤ ፊልሙን ቀድሞ ያየ ሰው። ይህ ሰው ትኬት የሚቆርጠው ለማየት አይደለም፤ ለማስረዳት ነው። ከፊቱ የተቀመጠ ምስኪን ገዳዩን ከሟቹ ቀድሞ ያውቃል።

በበርባንክ ከተማ፣ ማግኖሊያ መንገድ ላይ ባለችው ትንሽ ሲኒማ ቤት ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዙት ክብርት ወይዘሮ ሆርተንስ ፕሩት ነበሩ። ሲኒማ ቤቷ ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የጥንቷን የሆሊውድ ንግሥት የቬልማ ኦርመንድን ፊልሞች ታሳያለች። ወይዘሮ ሆርተንስ እነዚያን ፊልሞች ሌላው ሰው የገዛ ልጆቹን ከሚያውቀው በላይ ያውቋቸዋል። ቬልማ የት ቦታ ላይ እንደምታለቅስ ብቻ ሳይሆን፣ እንባው ከየትኛው ዓይኗ እንደሚጀምር ጭምር።

ክፋት የለባቸውም። እንዲያውም ሁልጊዜ ከመናገራቸው በፊት፣ «እኔ አፌን ዘግቻለሁ» ይላሉ። ከዚያ ይከፍቱታል።

ከፊታቸው የሚቀመጠው ዶክተር ሚልተን ጋርቪ የሚባል ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሰውን «እባክዎ አፍዎን ይክፈቱ» ሲል ኖሮ፣ በስተርጅና «እባክዎ አፍዎን ይዝጉ» ብሎ መለመን ዕጣው ሆነ። ወንበር እንዳይቀይር ደግሞ ረጅም እግሩን እንደ ልቡ የሚዘረጋው እዚያ ብቻ ነው።

«ሦስት ባሎች ለእራት» የተባለው ፊልም በታየ ቀን፣ ሁለተኛው ባል ገና ወንበር ስቦ ሲቀመጥ ከኋላ ሹክሹክታ መጣ።

«እኔ አፌን ዘግቻለሁ፤ ግን ሾርባውን ባይቀምሰው ጥሩ ነበር።»

«ወይዘሮ ፕሩት!» አለ ሚልተን።

«ምን አልኩ? ስለ ሾርባ ነው ያወራሁት። ሾርባ መጥራትም ክልክል ሆነ?»

«ደህና እደር፣ ካፒቴን» የታየ ጊዜ ደግሞ፣ «ካፒቴኑ መንትያ ወንድም እንዳለው ዛሬ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም!» ብለው በኩራት ዙሪያቸውን ቃኙ። ካፒቴኑ ገና ከመርከቡ አልወረደም ነበር።

ከሁሉ የባሰው «የበረዶ ሙሽራ» ነው። ያን ቀን ሚልተን አስምሏቸው ስለነበር ወይዘሮ ሆርተንስ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ብቻ ጀግናው በሙሉ ጤንነቱ ፈረስ ሲያስጋልብ፣ እሳቸው ከቦርሳቸው ሶፍት እያወጡ በየረድፉ ማደል ጀመሩ። ሕዝቡ ሶፍቱን ተቀብሎ ፈረሰኛውን በሐዘኔታ ይመለከተው ገባ። «ነፍስ ይማር» አለ አንዱ።

ታዲያ አንድ ቀን፣ የሲኒማ ቤቱ ባለቤት ራሞና በሩ ላይ ማስታወቂያ ለጠፈች። «የፋኖስ ደሴት» የተባለው የቬልማ ፊልም ከአንድ አሮጌ መጋዘን ተገኝቷል። እንደወጣ ወዲያው የጠፋ ስለሆነ ያየው ሰው አይታወቅም።

ሚልተን ማስታወቂያውን አነበበና ወደ ወይዘሮ ሆርተንስ ዞረ። ፊቱ እንደ ልደቱ ቀን በርቷል።

«መቼም ይሄንንም አይተውታል?»

ወይዘሮ ሆርተንስ ማስታወቂያውን ዳግመኛ አነበቡት። «አላየሁትም» አሉ በመጨረሻ። ቃሉ ከአፋቸው የወጣው እንደ መንጋጋ ጥርስ ነው።

ረቡዕ ሲደርስ ሚልተን ክራቫት አስሮ፣ ትልቁን ፈንዲሻ ገዝቶ፣ እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠ። መብራት ጠፋ። ቬልማ በአንዲት ደሴት ላይ ትኖራለች፤ የሚወዷት ሁለት ናቸው፤ አንድ ዳቦ ጋጋሪና አንድ የመርከብ መኮንን። ከኋላ ምንም ድምፅ የለም። ሰላም ነው።

ሰላሙ ግን ሚልተንን ይኮሰኩሰው ጀመር። ባርኔጣ ያደረገ ሰው ብቅ ሲል ማንነቱ አልገባውም። ዘወር አለ።

«ይሄ ባለ ባርኔጣ ማነው?» ሲል አንሾካሾከ።

«እኔ ምን አውቄ፣ ዶክተር? እኔም እንደ እናንተው ሰው ነኝ።»

ሶፍቱን በሁለት እጃቸው ጨብጠውታል፤ መቼ እንደሚታደል አያውቁም። ፊልሙ ላይ በር በኃይል ሲዘጋ እንደ ሕፃን ደነገጡ። ሚልተን ይህን ቀን ስንት ጊዜ ተመኝቶት ነበር! አሁን ግን የአሮጊት ምርኩዝ የደበቀ ሰው ይመስል ፈንዲሻውን መብላት ተወ።

ፊልሙ ሊያልቅ ሆነ። ቬልማ ሻንጣዋን ይዛ ወደቡ ላይ ቆማለች። መኮንኑ ከመርከቡ ይጠራታል፤ ዳቦ ጋጋሪው ከኋላዋ ዱቄት እንደለበሰ ቆሟል። ቬልማ ዞረች፤ ልትናገር አፏን ከፈተች። በዚህ ጊዜ መጋረጃው ነጭ ሆነ።

ራሞና እጇን እያፍተለተለች መጣች። «የፊልሙ የመጨረሻ ጥቅል አልተገኘም።»

«ተገኘ ብለሽ ለጥፈሽ የለ እንዴ!» ብሎ ሕዝቡ ጮኸ።

«ተገኘ አልኩ እንጂ ሁሉም ተገኘ መቼ አልኩ?»

ፈንዲሻ መወርወር ተጀመረ። ያኔ ሚልተን ብድግ ብሎ ወደ ኋላ ዞረ።

«ወይዘሮ ፕሩት፣ ምን ይጠብቃሉ? ይጨርሱልን እንጂ!»

«እኔ እኮ አላየሁትም።»

«ፊልሙን አላዩትም፤ ቬልማን ግን ያውቋታል!»

ፈንዲሻ መወርወሩ ቆመ። ወይዘሮ ሆርተንስ ተነሡ፤ ቀሚሳቸውን አስተካከሉ።

«እንግዲህ» አሉ፣ «ቬልማ ምንም አትናገርም። ሻንጣዋን ለመኮንኑ ትወረውርለታለች። ትከተለኛለች ብሎ መርከቡን ያስነሳል። እሷ ግን እዚያው ትቀራለች።»

«ሻንጣው ውስጥ ምን አለ?» አለ አንዱ ከጥግ።

ወይዘሮ ሆርተንስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ዳቦ። መኮንኑ ባሕር መሐል ይከፍተዋል፤ ራት የለውም። የረታውን ሰው ዳቦ እያለቀሰ ይበላል። እንባው ከግራ ዓይኑ ነው የሚጀምረው።»

ሶፍቱ ታደለ። ሰው አጨበጨበ። ራሞና ራሷ አፍንጫዋን ጠረገች።

ሚልተን ብቻ መንገድ ላይ ሁሉ እየተከተለ ይነዘንዛቸው ገባ።

«ውሸት ነው! ከመኮንኑ ጋር ነው የምትሄደው። የመንገድ ጫማ አድርጋ ነበር እኮ!»

ወይዘሮ ሆርተንስ ቀጥ አሉ። «ጫማ? ጫማዋን አይተዋል?»

«ማሰሪያው እስከ ላይ የታሰረ! ዳቦ ቤት ለሚቀር ሰው እንደዚያ ያለ ጫማ ምን ያደርግለታል?»

«ያሳዝናል» አሉ ወይዘሮዋ። «የጥርስ ሐኪም ሆነው ስለ ዳቦ ምንም አያውቁም።»

እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ተከራከሩ። አውቶቡሱ መጥቶ ወይዘሮ ሆርተንስ አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ ሲያሳርፉ፣ ሚልተን ክራቫቱን እያላላ ሌላ ቦታ እያየ ተናገረ።

«ለመጪው ረቡዕ ከጎኔ ይቀመጡ። ከኋላ ሆነው ሲያወሩ ግማሹ ያመልጠኛል።»