ሦስት አርማ የሚሸከም ሳንቃ

የድርጅቶችና የሕዝብ አጋርነት ለዓለም አቀፍ ረግረግ ጥበቃ፦ የጋራ ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አንደኛው ቀን
ቦታ፦ የከተማው ጽሕፈት ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ትንሹ አዳራሽ (ትልቁ ቀለም እየተቀባ ስለሆነ)
ሰዓት፦ ለ3፡00 ተጠርቶ 4፡10 ተጀመረ

የተገኙ፦
1. ሰብሳቢ፣ ከከተማው ጽሕፈት ቤት
2. የታሸገ ውሃ ፋብሪካው የገጽታ ግንባታ ኃላፊ
3. የዓለም አቀፉ የረግረግ ፈንድ ተወካይ
4. የረግረጉ ጠባቂ
5. ጸሐፊ (የሰፈሩ ትምህርት ቤት መምህር፤ የጠባቂዋ የእህት ልጅ መሆኑ ለግልጽነት ሲባል ተመዝግቧል)

ያልተገኙ፦ አራት አባላት። ስለ ስብሰባ ሰዓት አክባሪነት በሚሰጥ ሥልጠና ላይ ናቸው። ከዘጠኝ አባላት አምስቱ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ አንድ፦ የመውጫ ቦዩ ሳንቃ

ጠባቂዋ እንዳስረዱት፣ በረግረጉ መውጫ ቦይ ላይ ውሃውን ይዞ የሚያቆመው ሳንቃ ቅዳሜ ዕለት በስብሶ ተሰብሯል። ውሃው በቀን አራት ጣት እየጎደለ ነው። ከባሕር ማዶ የመጡት ዳክዬዎች እንቁላል የታቀፉባት ደሴት ዙሪያዋ ሊደርቅ ተቃርቧል፤ ነገ ውሾች እግራቸው ሳይርስ ይገቡባታል። የሚፈልጉት አንድ ሳንቃ ብቻ ነው፤ እሱም ዛሬ። «እንቁላል ተሸክመው የት ይሂዱልኝ?» ሲሉ ጠይቀዋል።

ሰብሳቢው «እናታችንን» አመስግነው፣ ጥያቄው ተገቢና ወቅታዊ መሆኑን ገልጸው፣ ነገር ግን በስምምነቱ አንቀጽ ሰባት መሠረት ረግረጉ ውስጥ የሚገባ ማንኛውም ዕቃ የሦስቱን አጋሮች፣ ማለትም የጽሕፈት ቤቱን፣ የፋብሪካውንና የፈንዱን፣ አርማ በእኩል መጠን መያዝ እንዳለበት አስታውሰዋል። ባለፈው ወር የገባችው ጀልባ በዚሁ አንቀጽ ሦስት ሰሌዳ ተተክሎባት ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ጠፍቷል። አንቀጹ ግን ተከብሯል።

የገጽታ ግንባታ ኃላፊዋ የፋብሪካው አርማ ከአንድ ክንድ ካነሰ በላዩ የተሳለው የውሃ ጠብታ ትንኝ እንደሚመስል ተናግረዋል። ሳንቃው ወርዱ አንድ ክንድ ተኩል ስለሆነ ሦስቱ ጎን ለጎን አይገቡም። አንዱ ከሌላው በላይ ይሁን የሚል ሐሳብ ቀርቦ፣ ከታች የሚውለው አርማ ውሃ ውስጥ እንደሚቀር ተወካዩ አሳስበዋል። ኃላፊዋም «እኛ ለዓሣ ነው እንዴ የምናስተዋውቀው?» ብለዋል። እዚህ ላይ ድምፅ ከፍ ከፍ በማለቱ ሰብሳቢው ጠረጴዛ መትተዋል፤ ብርጭቆ ተደፍቷል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ሳንቃው ወርዱ አራት ክንድ ሆኖ እንዲሠራ ተወስኗል።

ጠባቂዋ ቦዩ ራሱ አንድ ክንድ ተኩል መሆኑን፣ አራት ክንድ ሳንቃ በየት በኩል እንደሚገባ ጠይቀዋል። ሰብሳቢው «ቦዩ ይስፋ» የሚል ምላሽ ሰጥተዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ቦዩ በሳንቃው ልክ እንዲሰፋ ተወስኗል።

ጠባቂዋ «ኧረ ልጆች! ቦዩን ካሰፋችሁት ውሃው በግማሽ ቀን ሙልጭ ብሎ ይሄዳል፤ ሳንቃው ምን ሊይዝ ነው?» ብለዋል። አስተያየቱ ገንቢ ተብሎ ተይዟል። ተወካዩ ውሃው ቢደርቅ አርማዎቹ የበለጠ ይታዩ እንደሆነ ጠይቀው፣ በደንብ እንደሚታዩ ተነግሯቸዋል።

ጠባቂዋ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሥተው «በሉ እናንተ ተወያዩ፤ እኔ ሥራ አለብኝ» ብለው፣ ወደ ጸሐፊው ዞረው «አንተ ልጅ፣ እሷንም ጻፋት» ብለው ወጥተዋል። ተጽፋለች። ጸሐፊው አብሯቸው ለመውጣት ልቡ ተነሥቶ ነበር፤ ብዕር የያዘ ሌላ ሰው ባለመኖሩ ቀርቷል።

አጀንዳ ሁለት፦ የቦይ ማስፋት ሥራው ምረቃ

ሪባኑን ማን ይቁረጥ በሚለው ላይ አንድ ሰዓት ከሩብ ውይይት ተደርጓል። ሦስቱ አጋሮች እኩል ስለሆኑ ሦስት መቀስ እንዲዘጋጅ፣ አንዱ ቀድሞ እንዳይቆርጥም ሰብሳቢው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብለው እንዲቆጥሩ ተወስኗል። ሰብሳቢው ራሳቸው ቆራጭ ስለሆኑ መቁጠራቸው አድልዎ ነው የሚል ተቃውሞ ተነሥቶ፣ በጸሐፊው ቆጣሪነት ስምምነት ላይ ተደርሷል። ጸሐፊው አልተጠየቀም።

ልዩ ልዩ

በ7፡40 ጠባቂዋ እስከ ወገባቸው ርሰው ተመልሰው ገብተዋል። የቤታቸውን በር ከማጠፊያው ነቅለው፣ በጎረቤት እርዳታ ተሸክመው ቦዩ ላይ እንደገጠሙት፣ ልክክ ብሎ እንደገባና ውሃው እንደቆመ ገልጸዋል። ሰብሳቢው በሩ ላይ አርማ ይኖር እንደሆነ ጠይቀዋል። ጠባቂዋ «ቁልፍ ነው ያለው» ብለዋል።

በሩ «አርማ የሌለው» ተብሎ ተመዝግቧል።

ኃላፊዋ በሩ ወጥቶ፣ ቀለም ተቀብቶ እንዲመለስ ሐሳብ አቅርበዋል። ጠባቂዋም «ጭቃውን በእግሬ ነው የጠቀጠቅኩት፤ የሚያወጣው ካለ ጫማውን ያውልቅ» ብለዋል። ያወለቀ የለም።

ጸሐፊው አክስቱ ያለ በር መቅረታቸውን አንሥቶ፣ አዲስ በር እንዲሠራላቸው ጠይቋል። ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ ተደግፎ ተወስኗል። ወዲያው በአዲሱ በር ላይ አርማዎቹ እንዴት ይቀመጡ የሚል ጥያቄ ተነሥቶ፣ የቤቱ ግድግዳ ይሰፋ እንደሆነ ሲመከር ጸሐፊው «ኧረ በፈጠራችሁ!» ብሏል። ከሥርዓት ውጭ ስለተናገረ ተገሥጿል።

በዚህ መካከል የፈንዱ ዋና መሥሪያ ቤት በስልክ ደውሏል። ከሩቅ በሚከታተለው የረግረጉ የውሃ መለኪያ ላይ ውሃው መጉደል ማቆሙን አይቶ፣ አጋርነቱ ያለ አንዳች ተጨማሪ ግንባታ ላስገኘው ድል ደስታውን ገልጿል። አባላት እጅ ለእጅ ተጨባብጠዋል፤ ጠባቂዋ እጃቸው ጭቃ ስለሆነ ታልፈዋል።

የመጨረሻ ውሳኔ

ድሉ ያለ ተጨማሪ ግንባታ የተገኘ መሆኑ ስለተመሰከረ፣ ግንባታ የሚጠይቁ ውሳኔዎች በመዝገብ መገኘታቸው አጋሮቹን ያሳጣል። ስለዚህ ሰፊው ሳንቃ፣ የቦዩ መስፋት፣ ሪባኑና ሦስቱ መቀሶች ተሽረዋል። የጠባቂዋ አዲስ በርም በዚያው ዕለት የተወሰነ ግንባታ በመሆኑ አብሮ ተሽሯል። ጸሐፊው ተቃውሟል። ጠባቂዋ ድምፅ እንዲሰጡ ሲጠየቁ «ዳክዬዎቼ ይረፉ እንጂ፣ እኔስ ጎረቤት አለኝ» ብለዋል። ድምፀ ተአቅቦ ተብሎ ተይዟል።

ስብሰባው በ9፡05 ተበትኗል። ጸሐፊው ይህን ቃለ ጉባኤ በንጹሕ የገለበጠው አክስቱ ደጃፍ ላይ ወንበር አውጥቶ፣ ቤታቸውን እየጠበቀ ነው። ማረሚያ ያለው አባል እዚያው ያገኘዋል።