ጋሽ አባይነህ ብረት ሲመርጡ

በየሰፈሩ አንድ ዕቃ አዋቂ አለ። እሱን ሳያስከትል ሱቅ የገባ ሰው የገዛው ነገር ቢሰበርበት የሚያዝንለት ጎረቤት አያገኝም። «ማንን ይዘህ ሄድክ?» ይባላል። «ብቻዬን።» «እንግዲያማ የእጅህን ነው ያገኘኸው!»

የእኛ የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ሊቀ ሊቃውንት ክቡር ጋሽ አባይነህ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድተዋል፤ ጡረታ የወጡት ከመንዳት እንጂ ከመምረጥ አይደለም። ማንኛውንም ዕቃ አንስተው በጥፍራቸው ኳ ያደርጉና ጆሯቸው ላይ ያስጠጉታል። ከዚያ ፍርዱ ይወርዳል፦ «ይኼ ዕቃ አይደለም። የዕቃ ፎቶ ነው።» በዚህ ዕድሜዬ «ይኼ ዕቃ ነው» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።

ለእትዬ ምብራት የበር ቁልፍ ሲመርጡ አራት ቀን ፈጀባቸው፤ በአምስተኛው ቀን በሩ ራሱ ተሰረቀ። ለቡሽራ አራስ ልጅ ጋሪ ሲያማርጡ ደግሞ ልጁ በእግሩ መሄድ ጀምሮ ሱቅ ለሱቅ አብሯቸው ይዞር ነበር። ቢሆንም ሰው አይተዋቸውም። እኔም አልተውኳቸው።

የእኔ ጣጣ እንዲህ ነው። እኔና ጓደኛዬ ሊያ እሁድ እሁድ እንጦጦ ጀርባ ገደል እንወጣለን። ቀድሞ የሚወጣው የድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ትንንሽ የብረት ሽብልቅ እየሰካ ገመዱን ያያይዝበታል፤ ቢወድቅ ሽብልቁ ይይዘዋል። ተከትሎ የሚመጣው እየነቀለ ይሰበስባል። ያለፈው እሁድ ወደቅሁ። የሊያ ሽብልቅ ያዘችኝ፣ እግዜር ይስጣት። ግን ክብደቴ ስንጥቁ ውስጥ ቀረቀራትና ሊያ ብትል ብትሠራ አልወጣ አለቻት። በዚያ መጠን ያለቻት እሷ ብቻ ነበረች፤ እዚህ አገር ደግሞ አትሸጥም።

«በሚቀጥለው እሁድ ገመድ እይዝልሻለሁ» አለችኝ ሊያ። «ወጥተሽ ታወጪያታለሽ። ካላወጣሻት ግን ገመድ የሚይዝልሽ ሌላ ሰው ፈልጊ።» ሊያ ደግሞ ያለችውን ታደርጋለች። እኔ ሌላ ሰው የለኝም። ነፍሴን አደራ የምሰጠው ለእሷ ብቻ ነው።

የሚያስፈልገኝ ስስ፣ ጠንካራ፣ ጫፉ ቆልመም ያለ ብረት ነበር፤ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ሽብልቋን ከሥር ወደ ላይ የሚያላቅቅ፣ ከዚያ የሚጎትታት። ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ አባይነህን አስከትዬ ወጣሁ።

«ገደል ላይ ምን አገባሽ?» አሉኝ ገና ከበር ሳንወጣ።

«ስፖርት ነው ጋሼ።»

«ስፖርት! ከቴዎድሮስ አደባባይ ፒያሳ ድረስ ሽቅብ መምጣቱ አነሰሽ?»

መጀመሪያ የገባነው ፋሩቅ የሚባል የመሣሪያ ነጋዴ ሱቅ ነው። ፋሩቅ ጋሽ አባይነህን ሲያይ ወንበር አቀረበ፤ ጉዳዩ ቶሎ እንደማያልቅ ያውቃል። ካቻቢቴ አወጣ። ኳ! «ወፍራም ነው፣ ስንጥቅ አይገባም።» ስስ መሮ አወጣ። ኳ! «ድንጋይ ልትጠርብ ነው እንዴ? የዕቃ ፎቶ!» የመጋዝ ምላጭ አወጣ። «ተቀንጥቦ ዓይኗ ውስጥ ቢገባስ? ለእናቷ አንተ ትነግርልኛለህ?»

«ኧረ ወላሂ እኔስ አልነግርም» አለ ፋሩቅ፣ ምላጩን ወደ መደርደሪያው እየመለሰ።

ዘጠኝ ሱቅ ዞርን። በመጨረሻ አትክልት ተራ ወረድን፤ እዚያ ጆንያ የምትሸጠው ሀኒፋ የጆንያ መስፊያ ወስፌ አወጣችልን። ስስ፣ ጠንካራ፣ ጫፏ ቆልመም ያለች! እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ጋሽ አባይነህ ኳ አደረጓት፣ ጆሯቸው ላይ አቆዩዋት፣ ወዲያ ወዲህ አገላበጧት።

«ትታጠፋለች።»

«ሳይሞክሯት?»

«ፎቶ ነች አልኩሽ።»

እንባዬ መጣ። «ጋሼ፣ ነገ እኮ ነው! ሊያን ላጣት ነው እኮ!» ብዬ ጮህኩባቸው። ተሸካሚዎቹ ሳይቀሩ ቆመው አዩን። እሳቸው ኮፍያቸውን አስተካከሉ። በኋላ «ድንጋዩን ሳላይ አልመርጥም። ነገ እመጣለሁ» አሉኝ።

እውነትም መጡ። ከቅዳሴ መልስ፣ ነጠላቸውን በኮታቸው ላይ እንዳጣፉ፣ ገደሉ ሥር ቆመው ሽቅብ አዩ። ሽብልቋ ከላይ ብልጭ ትላለች።

«ከዚያ ነው የወደቅሽው?»

«አዎ።»

ከዚያ ኮታቸውን ገልጠው ከውስጥ ኪሳቸው አንድ ብረት አወጡ። ስስ፣ ጠፍጣፋ፣ ጫፉ ቆልማማ፤ ታክሲ ሲነዱ ቁልፉን መኪናው ውስጥ ረስተው በሩ ሲዘጋባቸው በመስታወቱ ጎን እያስገቡ የሚከፍቱበት ነው። ከእጄ እንዳይወድቅ ሲባጎም አስረውበታል።

«ይኼ ደግሞ መቼ ተገኘ?»

«ትናንትም ኪሴ ነበር።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ሱቅ?!»

«ብረት ካጣሽ ትተዪዋለሽ ብዬ ነዋ» አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ። «ፈራሁልሽ፣ ልጄ። አሁን ሳይሽ ግን የምትተዪ አይደለሽም። መውጣትሽ ካልቀረ በደህና ብረት ውጪ።»

ልቆጣ አፌን ከፈትኩ፤ ግን ብረቱን ተቀበልኳቸው። ሊያ ገመዴን ያዘች፣ ወጣሁ። ብረቱን ስንጥቁ ውስጥ አስገብቼ ሽብልቋን ከሥር ገፋሁ። ንቅንቅ የለም። እንደገና ገፋሁ። በሦስተኛው ቀጭ አለችና ለቀቀች፤ በቆልማማው ጎትቼ አወጣኋት።

«ወጣች!» ብዬ ወደ ታች ሳይ ሊያ ገመዱን ይዛ ትስቃለች። ከኋላዋ ጋሽ አባይነህ ቆመዋል። ማንም ሳያዛቸው የገመዱን ጭራ ወገባቸው ላይ ጠምጥመው፣ በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ የቅዳሴ ጫማቸውን ድንጋዩ ላይ ተክለዋል። ነጠላቸው መሬት ወድቋል። እኚህን ሰው እንዴት እንደምወዳቸው ያወቅሁት እዚያ ላይ ተንጠልጥዬ ነው።

ስወርድ ሊያ አቀፈችኝ፤ የሚቀጥለውን እሁድ ሰዓት እዚያው ነገረችኝ። ጋሽ አባይነህ ሽብልቋን ተቀበሉኝ፣ በጥፍራቸው ኳ አደረጓት፣ ጆሯቸው ላይ አስጠጓት። እሷን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ይኼ ዕቃ ነው» አሉ።