መግቢያችን

እንደሚታወቀው... ይቅርታ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው። እኛ የአማርኛ አስተማሪዎች ያለዚህች ቃል አፋችን አይከፈትም። ማን እንደሚያውቀው ግን ጠይቃችሁን ታውቃላችሁ?

በቀደም ኮልፌ፣ በማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ አራተኛ ክፍል ገብቼ «ዛሬ ስለ አካባቢ ብክለት መግቢያ ብቻ ትጽፋላችሁ» አልኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ የልጆቹ እርሳስ ሲንሾካሾክ፣ እኔ በመስኮቱ አሻግሬ እያየሁ በሐሳብ ጭልጥ አልኩ። ከአጥሩ ጀርባ ያለው ወንዝ ጠርቶ፣ የተጣለበት ፌስታል ሁሉ ነጭ ወፍ ሆኖ ሲበር ይታየኛል።

«ቲቸር፣ ጨረስኩ» ብላ ፈቲያ የምትባል ተማሪዬ ከሄድኩበት መለሰችኝ። ደብተሯ እንዲህ ይላል፦ «መግቢያችን ላይ ቆሻሻ ተከምሯል። ስንገባ አፍንጫችንን እንይዛለን። ቲቸርም ይይዛሉ።»

«ፈቲያ፣ እኔ ያልኩሽ የድርሰቱን መግቢያ ነው፤ የግቢውን በር አይደለም።»

«ቲቸር፣ በሌላ በኩል እኮ መግቢያ የለንም።»

ቀይ እስክሪብቶዬን አውጥቼ መጀመሪያው ላይ «እንደሚታወቀው» ብዬ ጨመርኩና አስር ከአስር ሰጠኋት። ያቺ ቃል በስንት ዘመኗ ቦታዋን አገኘች።

ደወል ሲደወል እኔም፣ እንደሚታወቀው፣ አፍንጫዬን ይዤ ወጣሁ።