ከባለዕዳዬ ጋር ነጠላ ለነጠላ

ትናንት ሌሊት ሕልም አየሁ። እንዲህ ያለ ሕልም ያየ ሌላ ሰው ደብረ ብርሃን ውስጥ ካለ ይምጣና ይከራከረኝ።

ስተኛ የክስ ማመልከቻዬ ትራሴ ሥር ነበር። ልብስ ሰፊው ጎረቤቴ ጌጡ ለስፌት መኪናው ማሠሪያ ስድስት መቶ ብር ከእኔ ተበድሮ፣ ይኸው አምስት ወር ሙሉ ጥላዬን ሲያይ በጓሮ ይሾልካል። ስድስት መቶ ብር እንግዲህ ስንት አገር ያቀናል! ራፖር ጸሐፊው ማመልከቻዋን ለመጻፍ አራት መቶ ተቀበለኝ፤ እኔም እንደምከስ ለሰፈሩ ሁሉ አወጅኩ። ችግሩ፣ ከጌጡ በቀር ዳማ ላይ ደፍሮ የሚገጥመኝ ሰው የለም። ጠዋት ልክሰሰው ወይስ ልተወው እያልኩ እንቅልፍ ጣለኝ።

በሕልሜ ዳኞች ካባቸውን እንደለበሱ ደጄ ላይ ተሰልፈዋል። ሰልፉ እስከ ገበያው ይደርሳል፤ ኧረ ያልፋል!

"ጌታዬ፣ ዛሬ እንኳ ያስተናግዱን" አለኝ ፊተኛው ዳኛ እጅ ነስቶ።

"መዝገቡ አልተገኘም። ከሰኔ በኋላ ተመለሱ" አልኩት። ሲጣፍጥ!

ወዲያው ጌጡ እየሮጠ መጣና ክሳዴን ያዘ። "ያዝኩት! ዕዳዬን አልቀበልም ያለው ሰውዬ ይኸው!" ብሎ ጮኸ። ችሎቱ እዚያው ተሰየመ። ዳኞቹ የተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ተፋፍገው ቆሙ፤ የዳኛው ወንበር ላይ መነጽር ያደረገች አህያ ተቀመጠች።

"ድልነሳው! አምስት ወር ሙሉ ባለዕዳህ ቤት ለምን አልሄድክም?" አለችኝ።

"ክብርት ሆይ፣ የሚሸሸው እሱ ነው!"

"የሚሸሽ ሰው ቤቱ አይንኳኳም?"

እኔ፣ ሦስት ጠበቃ በአንድ ትንፋሽ የምረታ ሰው፣ ቀጠሮ ይሰጠኝ አልኩ።

አህያዋ ፈረደች፦ እንደ ጥንቱ ባለዕዳና ባለገንዘብ፣ ነጠላችን ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ እስክንታረቅ አብረን እንድንዞር። የችሎቱ ፖሊስ ቋጠረንና አልቅሶ ሸኘን።

ሄድን። ወንዙ ሽቅብ ይፈሳል፤ ዓሣዎች ድልድዩ ላይ ተደርድረው ሰው ያጠምዳሉ። እኔ ሳስነጥስ "ይማርህ" የሚባለው ጌጡ ነው፤ እሱ ሲርበው የኔ ሆድ ይጮሃል።

"አንተ፣ ለምንድን ነው የምትሸሸኝ?"

"ሙሉውን እስካገኝ ነዋ፣ ጋሼ። ጎዶሎ ይዤ ብመጣ ሰፈር ለሰፈር ትለፍፍብኛለህ።"

"እኔ? ምስጢር ጠባቂው?"

ጌጡ ሳቀ። አህያዋም ከሩቅ ሳቀች።

ድንጋይ ላይ ተቀምጠን በቆርኪ ዳማ ገጠምን። ሰባት ሺህ ጊዜ አሸነፍኩት። በሰባት ሺህ አንደኛው፣ ልነግሥ አንድ እርምጃ ሲቀረኝ፣ ቋጠሮው ጎተተኝ።

ነቃሁ። ባለቤቴ ዘርፌ ጋቢዬን እየጎተተች ነው። "አንተ ሰውዬ፣ ተነሥ! ጌጡ በር ላይ ቆሟል።"

ወጣሁ። ጌጡ በእጁ ሁለት መቶ ብር ጨብጧል፤ ብብቱ ሥር የዳማ ሰሌዳውን ወሽቋል።

"ጋሽ ድልነሳው፣ ልትከሰኝ ነው አሉ። መልስ ማጻፊያው አራት መቶ ብር ነው። ያለኝ ይህችው ናት፤ ሁለት መቶ ሙላልኝ።"

ሁለት መቶዋን ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩ። "አራት መቶ ቀረህ፤ ግባ" አልኩት።

ማመልከቻዬን ከትራሴ ሥር አውጥቼ፣ አራት ቦታ አጥፌ፣ ከሚወላገደው ጠረጴዛ እግር ሥር ሸጎጥኳት። ጠረጴዛው ቀጥ አለ። በመላው አገሪቱ እንደሷ ያገለገለች ማመልከቻ የለችም።

"በል፣ ቆርኪህን ደርድር።"